የዝንቧ ጣውንት

የዝንብ ተመራማሪው ጓሮው ውስጥ፣ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ፣ አበባ መሀል በጀርባው ተዘርግቶ ሞቶ ተገኘ። መዳፉ ላይ ቢጫና ጥቁር ዥንጉርጉር ነገር ደርቃ ተኝታለች። ንብ ከነደፈችው እንደማይተርፍ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «ንብ ጨረሰችው!» ተባለ።

መርማሪዋ መጣች። ቁመቷ አጭር ነው፣ ነገሯ ይወጋል፤ «መርፌ» ይሏታል። የሟቹን አንገትጌ ገለጥ ስታደርገው እርጥብ ነው። ከሥሩ ጭራዋ ከሰውነቷ የሚረዝም ትል ተለጥፋለች። ብልቃጥ ውስጥ ከተተቻት።

ንቧን ሆን ብሎ ያመጣ ሰው አለ ሲባል የሰፈሩ ምላስ ወዲያው ሚስትየዋ ላይ አረፈ። ቀናተኛ ናታ! እኔ ግን አልፈርድባትም፤ ሰውየው የሠርጉ ማግስት እንኳ በርሜሉን ሲያይ ነው የዋለው። ፖሊሱም ካቴናውን ይዞ በሯ ላይ ቆሟል።

«ባለቤትዎን ይጠሉት ነበር?» አለች መርፌ።

«እሱን አይደለም፣ ዝንቧን ነው! ጣውንቴ ናት። አበባ ላይ ስትሽኮረመም አፉን ከፍቶ ያያታል። ልጆቿ ደግሞ እዚያ የሸተተ በርሜል ውስጥ በጭራቸው እየተነፈሱ ይርመሰመሳሉ። ውሃውን ልድፋው ስለው ነፍስ ነው ይለኛል። የኔስ ነፍስ?»

«ዝንቧን የምትስልለት ልጅስ?»

«ሠዓሊዋ? ቆንጆ ናት፣ አልዋሽም። ግን እሷንም ዞር ብሎ አላያትም።»

ሠዓሊዋ በር ሥር ሆና ሰማች፤ ፊቷ ቀላ።

ግቢው ውስጥ አብሮ የሚኖረው ታናሽ ወንድም ደረቱን ይደቃል። «ይቺ ንብ ወንድሜን ነጠቀችኝ!»

«የሥራ ክፍሉን አይተውት ያውቃሉ?»

«እኔ? እግሬም አልረገጠው! ሁሉም እሱን ሲያወድስ ቆሜ ላጨብጭብ?»

መርፌ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ ተደፍቷል፤ ከሥሩ ያቺን መዳፉ ላይ የተገኘችውን የመሰለች፣ በሕይወት ያለች አንዲት ታንዣብባለች። ብርጭቆውን ብድግ አደረገችው። ዥንጉርጉሯ ወጥታ አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

ሚስትየዋ «መጣች ደግሞ!» ብላ ፊቷን አዞረች። ሠዓሊዋ ጣቷን ዘረጋችላት። ወንድምየው ወንበሩን ገልብጦ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«ያዟት! ትነድፋለች!»

«አትነድፍም፤ ዝንብ ናት። ንብ አራት ክንፍ አላት፣ ይቺ ሁለት። መውጊያም የላትም፤ ንብ መስላ ወፍ ታታልላለች እንጂ። መዳፉ ላይ የተገኘችውም ይቺው ናት።»

«ታዲያ ባሌን ምን ገደለው?»

መርፌ ብልቃጡን አነሳች። «ይቺ የዝንቧ ልጅ ናት። ውሃ ውስጥ የምትኖር ትል አንገትጌው ሥር ምን ልትሠራ ወጣች? አንድ ሰው ጭንቅላቱን በርሜሉ ውስጥ ደፍቆ ያዘው። ከዚያ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ አስተኝቶት፣ ሞታ ያገኛትን ዝንብ ንብ መስላው መዳፉ ላይ አኖረለት። ሚስቱ ብትሆን እውነተኛ ንብ ትፈልግ ነበር፤ ጣውንቷን የማታውቅ ሴት የት አለች? ሠዓሊዋም ያንን ክንፍ ስትስል ነው የኖረችው።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «የሷ ቅናት ዓይኗን ገለጠላት። የእርስዎ ግን ጨፈነብዎት።»

ወንድምየው ግድግዳውን ታኮ ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«እናታችን ስትሞት እጇን የያዝኩት እኔ» አለ። «የጠራችው እሱን።»

ካቴናው ባለቤቱን አገኘ።

ሲሄዱ ሠዓሊዋ ፈራ ተባ እያለች «እትዬ፣ በርሜሉ ይደፋ እንዴ?» አለቻት።

ሚስትየዋ ወደ ጓሮው ወጣች። የረገፈ ቅጠል በሁለት እጇ አፍሳ በርሜሉ ውስጥ ጨመረች።

«ብሉ፣ እናንተ የጣውንት ልጆች!» አለች። «አባታችሁ ሞቶ እኔው ላይ ቀራችሁ።»