ሠላሳ ፍሬ ኪኒን

«ድንኳኑን በስተግራ አስተክይው፤ በስተቀኝ ውሃ ይቋጥራል» አለ ባስልኤል፣ ዓይኑ በለቅሶ አብጦ። «ደግሞ ዕድሩ ለድንኳን ሴት መላክ የጀመረው መቼ ነው?»

ሴትዮዋ ባዶ እጇን ዘርግታ አሳየችው። «ኢንስፔክተር ወሰንየለሽ ነኝ። እናቴን መርዘው ገደሉብኝ ብለህ የደወልከው አንተ አይደለህም?»

ባስልኤል አፈረ። ድንኳኑን ረስቶ ወደ ውስጥ አስገባት።

ኅዳር 2002 ነው፤ ሚዛን ተፈሪ። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ባሏን ከቀበረች ሦስት ወሯ ነበር። ትናንት ማታ አትሚቷን ጠጥታ ተኛች፤ ጠዋት አልነቃችም። ወሰንየለሽ አልጋው አጠገብ ብዙ ቆመች። የሟቿ ፀጉር አዲስ ሹሩባ ተሠርቷል። ሬዲዮው ጀርባ ደግሞ ባዶ የመድኃኒት ፖስታ አገኘች። የዛሬ አሥር ቀን የተጻፈበት ነው፦ «ለድብርት። ማታ ማታ አንድ። የልብ ሕመም ስላለባት ከአንድ እንዳያልፍ። 30 ፍሬ።»

አሥር ሌሊት። ሃያ መቅረት ነበረበት።

«አትሚቱን ያመጣችው ሐፍሳ ናት» አለ ባስልኤል። «እናቴ ‹መረረኝ› ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ትታሰርልኝ!»

ሐፍሳ፣ አጥር የምትጋራቸው ባለሱቅ፣ አልካደችም። «አንድ ፍሬ ፈጭቼ እጨምርላት ነበር። ‹እብድ አይደለሁም› ብላ አልውጥ ስላለች። ከአንድ ግን አላለፍኩም፣ ወላሂ!»

ወሰንየለሽ ወደ ሟቿ እህት ዞረች። «ምሳ የሚያበሏት እርስዎ ነበሩ፣ እትዬ ዓለምሸት?»

«በጉርሻ። በሞቴ ካላልኳት መች ትቀምሳለች! ‹ይመራል› ትለኛለች፤ ሐዘንተኛ አፍ ምን ይጥመዋል?»

«ቁርሷንስ?»

«እኔ ነኝ» አለ ባስልኤል። «ከምሠራበት የቴፒ ቡና እርሻ ፈቃድ ወስጄ መጥቼ፣ ገንፎ በማር።»

«በማር? የቤንች ቅቤና በርበሬ አልቆ ነው?»

ባስልኤል ዓይኑን ሰበረ።

ኢንስፔክተሯ አማን ሆስፒታል ላለው ሐኪም ደውላ ተመለሰችና ሦስቱን ሳሎን አስቀመጠቻቸው።

«አሥር ቀን፣ ሠላሳ ፍሬ። በቀን ሦስት። እዚህ ቤት በቀን ስንቴ ይበላል?»

የዓለምሸት ነጠላ ጫፍ በጣቶቿ መካከል ተጠምዝዞ ገመድ መስሏል።

«አትሚቱ መረራት። ጉርሻውም መረራት። ገንፎው ያልመረራት ማር ስለነበረበት ነው። ሰፈር እንዳይሰማ፣ ‹አበደች› እንዳትባል ብላችሁ እርስ በርሳችሁ ተደባበቃችሁ። ሦስታችሁም ከአንዱ ፖስታ በየቀኑ አንድ አንድ ፍሬ ወሰዳችሁ፤ የቆጠረው የለም።»

«ታለቅስ ነበራ!» ዓለምሸት ጮኸች። «ለሐዘን ነው ተባለ፤ ሐዘኗ ሲመጣ ሰጠኋት!»

«የራስ ምታት ኪኒን አይደለም፣ እትዬ። ለቀስተኛ መጥቶ ሳያጽናና በር ላይ ጎትተው ቢያስወጡትስ? አንጎላችን ውስጥም እንዲሁ ነው፦ አንዱ ሴል ለሌላው ኬሚካል መልእክተኛ ይልካል፤ ቶሎ ደግሞ መልሶ ይሰበስበዋል። መድኃኒቱ መልእክተኛውን ‹ትንሽ ቆይ› ይለዋል። ይህን በመጀመሪያው ቀን ያደርገዋል። አንጎል ራሱን አስተካክሎ ሰው እስኪቀለው ግን ሳምንታት ይፈጃል፤ እንዴት እንደሚቀለው ሐኪሞቹም ጨርሰው አልደረሱበትም።» ወደ ባስልኤል ዞረች። «ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ እሸት ቡና በስንት ቀን ይደርቃል?»

«በሦስት ሳምንት» አለ በቀስታ።

«ቸኩለህ እሳት ብታነድበትስ?»

ባስልኤል ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ሹሩባውን ማን ሠራት?»

«ራሷ ሄዳ ተሠራች» አለች ሐፍሳ፣ ድምፅዋ እየተሰበረ። «ትናንት። ‹እንዲህ ተንጨባርሬ እስከ መቼ› አለችኝ። ስቃ።»

ወሰንየለሽ ማስታወሻዋን ዘጋች። «ሐኪሙ ‹ልቧ በቀን ሦስት ፍሬ አልቻለም› ብሎኛል። ሹሩባውን ሳየው ግን፣ መድኃኒቱ ሊያሽላት ሳይጀምር አልቀረም።»

ባስልኤል ከወንበሩ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ሐፍሳ ተነሥታ ወጣች፤ በአጥሩ ሽንቁር ወደ ቤቷ ሄዳ በዚያው ተመለሰች፤ አንድ ኩባያ አትሚት ይዛ። ሃያ ዓመት የተመላለሰችበት ሽንቁር ነው። አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ዘረጋችለት።

ኩባያውን አየ። እሷን አየ። በሁለት እጁ ተቀበላት።

«ምን ጨመርሽበት፣ እትዬ ሐፍሳ?»

«ዛሬስ ስኳር ብቻ ነው።»