በተኛበት የተዘራ ቅናት

ያን ዕለት በሳምራዝ መንግሥት ፀሐይ ሁለት ጊዜ ብቅ ብላ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ «ምን በደልን?» እያለ ሲያለቅስ፣ ከቤተ መንግሥቱ ግንብ ላይ የመርዶ መለከት ተነፋ። ንጋትን ወደ ሳምራዝ የምትጠራው ዕንቁ፣ ዐይነ ንጋት፣ ከዙፋኑ ራስጌ ተሰርቃለች።

ንግሥት ማዕዶት የከዋክብት መርከበኞቻቸውን ሰበሰቡ። በቀኛቸው የቆመው ሊቀ ጠቢባን ዝማም «ሌባው ዘንዶው ኮርሞ ነው፤ ዕንቁዋን ይዞ ብርሃኑ ወደ ጠፋው ኮከብ ወደ ዐመዶ ሸሽቷል» ሲል መሰከረ። ሁሉም ወደ ሐጋዝ ዞሮ አየ። ሠረገላ ነፋስ በተባለችው መርከብ ላይ ከእርሱ የሚበልጥ መኮንን አልነበረምና።

ንግሥቲቱ ግን «ናኦድ ሆይ፣ ቅረብ» አሉ። «የሠረገላ ነፋስ አዛዥ አንተ ነህ። ሐጋዝ ምክትልህ ይሁን።»

ናኦድ የሐጋዝ ታናሽ ነው፤ የሐጋዝ እናት ጡቷን አጥብታ ያሳደገችው የሙት ልጅ። የጉባኤው እልልታ በሐጋዝ ጆሮ ላይ እንደ በረዶ ወረደበት። ሁለቱ ሰይፋቸውን አጋጥመው «ዐይነ ንጋትን ሳልይዝ ብመለስ ሰማይ ይክዳኝ፣ ምድርም አትቀበለኝ!» ብለው ማሉ። ናኦድ በሙሉ ድምፅ ማለ፤ ሐጋዝ ግን ጥርሱን ነክሶ።

ሐጋዝ የማያውቀው ነገር ነበር። ባለፈው ጦርነት ጭንቅላቱን ቆስሎ በዝማም ቤት ለወራት ሲታከም፣ ዙፋኑን የተመኘው ያ ጠቢብ በመድኃኒት እያስተኛ በጆሮው ሲያንሾካሹክበት ከርሟል። «ናኦድ ክብርህን ይወስዳል። ናኦድ ሚስትህን ይወስዳል። ዐይነ ንጋት በእጁ የገባች ጊዜ ግደለው፤ ዕንቁዋንም ለጌታህ ለዝማም አምጣ።» ለዘንዶው የዙፋኑን ክፍል በር የከፈተለትም ራሱ ዝማም ነበር። ሐጋዝ ድኖ ሲነሣ ከቃሉ አንዱንም አላስታወሰም፤ ቅናቱ ግን አብሮት ተነሣ።

ሠረገላ ነፋስ ክንፏን ዘርግታ የከዋክብትን ባሕር መቅዘፍ ጀመረች። የመርከቧ ሐኪም የሐጋዝ ሚስት ጸዳለ ነበረች። ማዕድ ሲቀርብ በደንቡ መሠረት መጀመሪያ ለአዛዡ ለናኦድ ስታቀርብ ሐጋዝ ማዕዱን ገፋው። ናኦድ ቀልዶ እርሷ ስትስቅ፣ ሐጋዝ ከራሱ ጋር እንዲያ የሳቀችው መቼ እንደሆነ ማስታወስ አቃተው። እየዋለ እያደረ የእርምጃዋን ድምፅ ሳይቀር መከታተል ያዘ፤ ወደ ናኦድ ስትሄድ የሚፈጥን፣ ወደ እርሱ ስትመጣ የሚዘገይ ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን ከተረኝነቱ ወርዶ በተኛበት ከአፉ የወጣው ቃል ጸዳለን አደነዘዛት። ድምፁ የሐጋዝ ነው፤ አነጋገሩ ግን የዝማም፦ «ዕንቁዋ በእጁ የገባች ጊዜ ግደለው።» ወዲያው ወደ ናኦድ ሄደች። ሐጋዝ ነቅቶ ሲፈልጋት፣ ሁለቱን በመሪው ክፍል ራስ ለራስ ገጥመው ሲንሾካሾኩ አገኛቸው።

«ቀጥሉ እንጂ!» አለ በሩ ላይ ቆሞ። «ለምን ዝም አላችሁ?»

«ሐጋዜ፣ ተቀመጥና ስማኝ» አለችው ጸዳለ። «በእንቅልፍህ በሌላ ሰው አንደበት ስትናገር ሰማሁህ። ዝማም በሕመምህ ጊዜ አንድ ነገር አድርጎብሃል። ይህ ቅናት የአንተ አይደለም።»

ሐጋዝ መራራ ሳቅ ሳቀ። «ጎሽ! ሚስቴ ከሰው ጋር ትንሾካሾካለች፤ ሲደረስባት አእምሮህ ተነክቷል ትለኛለች። ሥጋዬን የጨረሰው ቅናት የእኔ ካልሆነ፣ የእኔ የሚባል ምን ቀረኝ?»

ናኦድ ሰይፉን አልነካም። «ወንድም ጋሼ፣ ላስርህ እችል ነበር» አለው። «ግን የእናታችንን ልጅ አላስርም። ኮርሞንም ያለ አንተ አልገጥምም።»

ይህ ምሕረት ሐጋዝን ከስድብ በላይ አንገበገበው።

በዐመዶ ላይ ከጉልበት በላይ የሚያሰጥም ትቢያ እንጂ ሕይወት ያለው ነገር አልነበረም። ኮርሞ ከትቢያው ውስጥ ተራራ የሚያህል አንገቱን ሲያነሣ የመርከበኞቹ ጦር በቅርፊቱ ላይ እንደ ሸምበቆ ተሰበረ። ሐጋዝ በእሳቱ መካከል ሮጦ ከመንጋጋው ሥር ሰይፉን እስከ እጀታው ሰክቶ መዘዘ፤ ናኦድም ዘንዶው ሲያዘነብል ዘሎ አንገቱን ቀላው። ከጉሮሮው ውስጥ ዐይነ ንጋትን አውጥቶ ወደ ላይ ሲያነሣት፣ ጨለማው ኮከብ እንደ ማለዳ ፈካ።

ያን ጊዜ የሐጋዝ ክንድ ሳያዘው ተነሣ። ሰይፉ የናኦድን ትከሻ ሰነጠቀው።

«ሐጋዜ!» ብላ ጸዳለ በመካከል ገባች። ስሙን በእርሷ አንደበት ሲሰማ ቁጣው ይብሱን ነደደ። ገፍትሯት ሁለተኛ ሰነዘረ፤ ናኦድ መከተ እንጂ አልመለሰለትም። ሐጋዝም ሦስተኛውን ሊሰነዝር ሰይፉን ሲያነሣ ከአፉ አንድ ቃል ወጣ፦

«ለጌታዬ ለዝማም!»

ቃሉን ራሱ ሰማው። ከንግሥቲቱ በቀር ለማንም አልተገዛም፤ ማንንም ጌታዬ ብሎ አያውቅም። ፊቱ ዐመድ ለበሰ። «ጸዳለ» አለ፣ «እውነትሽን ነበር።» ክንዱ ግን አሁንም ሰይፉን ወደ ናኦድ ይገፋ ነበር፤ በሌላው እጁ ያንኑ ክንዱን ጨምድዶ ያዘው። «መድኃኒቱን ንገሪኝ። ቶሎ!»

«ከሰማሁህ ጀምሮ የሕክምና መጻሕፍቴን ሳገላብጥ ነበር፤ ዐይነ ንጋት የተጣባህን ታቃጥለዋለች» አለች። «ግን ሥሩ የተጠመጠመበትንም አብራ ታቃጥላለች።»

«ሥሩ የተጠመጠመው በምን ላይ ነው?»

ጸዳለ እንባዋ ቀደማት። «ዝማም ቅናትን በባዶ መሬት አልዘራም። በእኔ ላይ ነው፣ ሐጋዜ። እኔን በምትወድበት ስፍራ ላይ። ተው፣ እናስርህና ሌላ መድኃኒት እንፈልግ።»

«ገመድ የሚበጥስ ክንድ እንዳለኝ ታውቂያለሽ።» ፊቷን በዐይኑ ዳሰሰው፤ ከግንባሯ እስከ አገጯ፣ እንደሚያጠና ሰው። «ቀንቼብሽ የበደልኩሽን ሁሉ አንቺ አስታውሺልኝና ማሪኝ። እኔ አላስታውሰውም።»

ዕንቁዋን ከናኦድ እጅ ነጥቆ በግንባሩ ላይ ተጫናት። ጩኸቱ ዐመዶን አናወጠው፤ ሰይፉ ከእጁ ወደቀ።

ሠረገላ ነፋስ በድል ተመለሰች፤ ሐጋዝ እስከ ሳምራዝ ደጅ ድረስ ራሱን ስቶ ተኝቶ ነበር። ዕንቁዋ በዙፋኑ ራስጌ ስትቀመጥ ፀሐይ ወጣች፤ ወጥታም ቀኑን ሙሉ ዋለች። ዝማም፣ ሐጋዝ ከናኦድ ጋር በሰላም ሲገባ አይቶ ሊሸሽ ሲል ተያዘና ክፋቱን በጉባኤ ፊት ተናዘዘ። ንግሥቲቱም ታላቅ ግብር አበሉ፤ ሐጋዝንና ናኦድን ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

ጸዳለ ከናኦድ አጠገብ ተንበርክካ የትከሻውን ቁስል ትጠቀልልለት ነበር። ሐጋዝ እጆቿን ተመለከተ።

«ናኦድ» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሚስትህ ናት?»

ናኦድ ፊቱን ወደ ጸዳለ አዞረ።

«ታድለሃል፣ ወንድሜ» አለው ሐጋዝ፤ በፊቱ ላይ አንዲት የቅናት ጥላ አልነበረችም። «እንዲህ በርኅራኄ የሚያክም እጅ አይቼ አላውቅም።»

የጸዳለ እጅ በጨርቁ ላይ ቆመ። ከዚያም ቋጠሮውን አጠበቀች፣ ዐይኗን ጠረገች፣ ተነሥታም ወደ ሐጋዝ ዞረችና እጅ ነሣች።

«ጸዳለ እባላለሁ» አለችው።