የረመጥ ከተማ ልክ

ረመጥ ከተማ ውስጥ ሥራ የሚገባ ሰው በሩን ከመግፋቱ በፊት እጀታውን ይጨብጣል። እጀታው ከመዳፉ አንዲት ጠብታ ደም ወስዶ ወዲያው ያነባል። አረንጓዴ ከበራ ሰውየው ጤነኛ ነው፣ ይገባል፤ ቀይ ከበራ ወደ ክሊኒክ ይሄዳል፤ እንዲህ ያለ እጀታ የሌለው የክሊኒኩ በር ብቻ ነው። ደም አንባቢ ይሉታል። ከመሬት በታች፣ የእሳተ ገሞራ ሙቀት ኤሌክትሪክ በሚሆንበት በዚህ ከተማ፣ ሰው ደም አንባቢን ከሚጠራጠር የገዛ ዓይኑን ቢጠራጠር ይቀለዋል።

ሰኞ ጠዋት ቀይ የበራባት አስናቁ የምትባል በያጅ ነበረች። ከላይ፣ ከምድር ገጽ ከመጣች ገና ሳምንቷ ነው። የክሊኒኩን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

«ዶክተር፣ እኔ ምን ሆኛለሁ?» አለች። «ቁርሴን በልቻለሁ፣ እንቅልፌን ጠግቤያለሁ። በሩ ግን ታመሻል፣ አትገቢም ይለኛል። በር ነው እንዲህ የሚለኝ።»

ዶክተር ስመኝ ውጤቱን አየች። ኮርቲሶል ከልክ ያለፈ፣ የታይሮይድ ሆርሞን ከልክ ያለፈ ይላል። ሆርሞን እጢዎች በደም በኩል ለሰውነት የሚልኩት መልእክት ነው፤ ኮርቲሶል ደግሞ ጠዋት ከአልጋ የሚያነሳን፣ ክፉ ሲገጥመን አቅም የሚሰጠን መልእክት ነው። ከልክ ካለፈ ያሳምማል። ስመኝ ግን ሴትዮዋን ከላይ እስከ ታች ብትመረምራት በሽታ የሚባል አጣችባት። ግፊቷ ደህና፣ ልቧ ደህና፣ ምላሷማ ከሁሉም ደህና ነበር።

አጠገቧ ሌላ ታካሚ ተቀምጧል። በልሁ ይባላል፣ ቆፋሪ ነው። አምና ድንጋይ ወድቆ የራስ ቁሩን መትቶት ራሱን ስቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲነሳ ያዞረዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ካፖርት ለብሶ ይንቀጠቀጣል። ደም አንባቢው ግን በየቀኑ አረንጓዴ ያበራለታል። የከተማው ምክር ቤትም «ጤነኛ ሆኖ የማይሠራ ሰነፍ ነው» ብሎ ከነሚስቱና ከነልጁ ከረመጥ እንዲወጣ ወስኖበታል። ቀኑ የፊታችን አርብ ነው።

ስመኝ ሁለቱን ተራ በተራ አየች። ጤነኛዋ ቀይ፣ መቆም ያቃተው አረንጓዴ። ደሟ ፈላ።

ደም አንባቢ ልክ ነው ወይም ከልክ አልፏል ይላል እንጂ ቁጥር አያሳይም፤ ቁጥሩን ማንም ጠይቆት አያውቅም። እሷ ጠየቀችው። ያገኘችውንም ላይ ምድር ስትማር ከምታውቀው ልክ ጋር አስተያየችው። አስናቁ መሃል ላይ አረፈች። በልሁ ከመጨረሻው መስመር በታች ወደቀ። ግራ ገብቷት የቆፋሪዎቹን ሁሉ አወጣች። እንደ በልሁ ባይብስባቸውም ሁሉም ከታች ነበሩ።

የልኩን ታሪክ የረመጥ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ በኩራትም ያወራዋል። ከተማዋ ስትመሠረት ማሽኑ የባሕር ማዶ ሰዎች ልክ ተሞልቶበት መጣ። መሥራቾቹ «በሰው ልክ የተሰፋ አንለብስም፤ ከራሳችን ደም ይወሰድ» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ከራሳቸውም ተወሰደ። ነጎድ በሚሉት መቆፈሪያ ላይ ተቀምጠው ጭንቅላታቸው ዓመት ሙሉ እንደ ቅል ሲናጥ ከከረመው ከራሳቸው ማለት ነው። ከአንጎል ሥር የምትንጠለጠል፣ አተር የምታህል ፒቱታሪ የምትባል እጢ አለች፤ ሌሎቹን እጢዎች የምታዝዘው እሷ ናት። ጭንቅላት አንዴ ክፉኛ ሲመታ ወይም በትንሽ በትንሹ ብዙ ጊዜ ሲናጥ ትጎዳለች። ያኔ ትእዛዙ ይሳሳል፣ ሆርሞኑ ያንሳል፣ ሰው ይዝላል፤ ማሽኑም የጤነኛ ልክ ብሎ የያዘው ይህን ያነሰውን ነው። የረመጥ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ «ደከመህ?» «እንደ ሰው» ይባባላሉ። ስመኝ ይህን እስከዛሬ ትሕትና ይመስላት ነበር።

ወደ ምክር ቤቱ ሊቀመንበር ወደ አቶ መንግሥተአብ ሄደች። ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው፤ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል።

«በልሁ ሰነፍ አይደለም፣ ታሟል» አለቻቸው። «ቆፋሪዎቹ በሙሉ ታመዋል። እርስዎም ጭምር።»

አልተቆጡም። በረመጥ ሰው አይቆጣም፤ ምክር ቤቱ በየዓመቱ የሚኮራው አድማም ጠብም ባለመኖሩ ነው።

«ሁሉም ሰው ያለበት ነገር በሽታ ይባላል እንዴ፣ ዶክተር?» አሉ ቀስ ብለው። «ለማንኛውም ልኩ የሚቀየረው በሕዝብ ድምፅ ነው። ጥሪውና ጠይቂው።»

ጠራችው። አዳራሹ በቆፋሪዎች ሞላ። ቁጥሩን አሳየቻቸው፣ የልኩን ስህተት አስረዳቻቸው። «የተሰረቃችሁት ዕድሜያችሁን ነው» ብላ ጮኸች። ሰዎቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ አንዳንዶቹ አንቀላፉ። ልኩ ይቀየር ብላ እጅ ያወጣችው አስናቁ ብቻ ነበረች። ስመኝ ነጎድ ላይ ወጥታ አታውቅም፤ መናደድ የቻለችው ለዚህ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። ቁጣም አቅም ይፈልጋል፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ያ አቅም ደማቸው ውስጥ የለም። ይህን ማሰቡ ይበልጥ አንገበገባት።

በማግስቱ ማንንም ሳታስፈቅድ በልሁን ኮርቲሶል ወጋችው፤ ከዚያም ጠዋት ጠዋት ደገመችለት። ራበኝ አለ። ካፖርቱን አወለቀ። አርብ ዕለት ምክር ቤቱ ሊያሰናብተው ሲጠብቅ፣ ማንም ሳይደግፈው ገብቶ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው።

«ሚስቴ ፊት ሰነፍ አላችሁኝ» አለ። «ልጄ እንጫወት ብላ ስትጎትተኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩባት። ልቤ የከፋ መስሎኝ ስንት ጊዜ ራሴን ረገምኩ። አሁን ደግሞ ውጣ ትሉኛላችሁ። አልወጣም።»

ሰዎቹ ደነገጡ። ጆሮውን የያዘም ነበር። እንዲህ ያለ ድምፅ በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም።

«ይኸው የመድኃኒቱ ጠንቅ» አለ ከአባላቱ አንዱ። «ሰውየውን ቁጡ አደረገው። ይመዝገብ።»

«ድኗል ተብሎ ይመዝገብ» አለች ስመኝ። «ይህን ሁሉ ሰምቶ የማይቆጣው ነው የታመመው።»

አቶ መንግሥተአብ ወደ በልሁ ዞሩ። ከዚያ ውሳኔው ተሽሯል አሉና ብርድ ልብሱን ከጉልበታቸው አንስተው እጅጌያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

«እኔንም ውጊኝ፣ ዶክተር» አሉ። «ልጄ ነጎድ ሥር ተጨፍልቆ ሲሞት አላለቀስኩም፣ አልተቆጣሁምም። ጽኑ ሰው ነው ብላችሁ ሊቀመንበር አደረጋችሁኝ።»