ዝም ካልሽ እከፍተዋለሁ

ይሄ በእኔው ላይ የደረሰ ነው። ለሰሚው ግራ መሆኑን አውቃለሁ። «የእብድ ወሬ» የምትሉ ካላችሁ ከአሁኑ እለፉት... አልቀየማችሁም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። የአእምሮ ሆስፒታል፣ የሴቶች ክፍል፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ።

ራሴን እንዳልጎዳ «የቅርብ ክትትል» ታዞብኝ ነበር። ሰው ከአጠገቤ አይጠፋም ማለት ነው። ስበላ ያዩኛል። ስተኛ ያዩኛል። ሽንት ቤት እንኳ በሩ ተከፍቶ...

እኔ ደግሞ ሰው እያየኝ ልብሴን አላወልቅም ብዬ ድርቅ አልኩ። ሳልታጠብ ሰነበትኩ። ሸተትኩ። ይሽተታቸው!

በመጨረሻ የቀን ነርሷ ተሸነፈች። በእናቴ ዕድሜ ስለሆነች እትዬ ነው የምላት።

«እሺ፣ ዝጊው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ግን ድምፅሽን ልስማ። ዝም ካልሽ እከፍተዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ በሩን ዘግቼ እዘፍናለሁ። ድምፄ እንደ ባዶ ጣሳ ነው። እትዬ ከውጭ «ኧረ ጆሮዬን!» እያለች ትስቃለች። ያ የተዘጋ በር በዓለም ላይ የቀረኝ የራሴ ነገር ነበር።

የዚያን ቀን እየዘፈንኩ ጥርሴን መቦረሽ ጀመርኩ። አፌ በአረፋ ተሞላ።

ዘፈኑ ግን አልቆመም።

በእኔው ድምፅ... ከጀርባዬ... ከሻወሩ በኩል።

ዞርኩ። ማንም የለም። ሻወሩን አልከፈትኩትም፤ ግድግዳው ግን ርሷል።

እትዬ ከውጭ ሳቀች። «ዛሬስ ድምፅሽ አምሮበታል!»

ክው አልኩ። ልጮህ ነበር። ግን ምን ብዬ? «ድምፅ ይሰማኛል» ልበል? እዚያ ቤት እንዲህ ያለ ሰው መቼ ይወጣል? በሬንም ይወስዱብኛል።

አረፋውን እንኳ ሳልተፋ ከፍቼ ወጣሁ።

እትዬ አፌን አየች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

ውስጥ ዘፈኑ ቀጥሏል።

«ማነው... ውስጥ ያለው?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ማንም።

በሩን ስባ ዘጋችው። «ከእንግዲህ እዚህ አትገቢም። ሌላው ጋ... በሩ ተከፍቶ ትታጠቢያለሽ።»

አረፋውን ዋጥኩት። «አይሆንም።»

«ልጄ፣ አብደሻል?»

«እሱንማ ካርዴ ላይ ጽፋችሁታል።»

«ቀስ በይ... ይሰማናል።»

«ይስማ! ይሄን በር በስንት መከራ ነው ያገኘሁት። ለእናንተ ያልለቀቅኩትን ለእሱ ልለቅ?»

ተናድጄ ነበር። ንዴቴ ከፍርሃቴ በለጠ። እጇን ከመያዣው ላይ አንስቼ ገባሁና ዘጋሁት።

ጸጥ አለ።

 ጀርባዬን ለሻወሩ ሰጥቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ሌላ ዘፈን አወጣሁ። እየጮህኩ።

አዝማቹ ጋ ስደርስ ትንፋሽ አጠረኝ።

ከኋላዬ ተቀበሉኝ...

ብዙ ሴቶች ነበሩ።

አልዞርኩም። ቀጣዩን አወጣሁላቸው።