እሬት የነካው እጅጌ

«መርዝ ነው! ወይኔ ጉዴ! በሩ ላይ መርዝ ተበትኖ ልጆች እናሳድጋለን!»

የእናቷ ጩኸት ግቢውን ሲሞላው ልጅቷ፣ ሳያት፣ በረንዳው ላይ ተንበርክካ ነበር። ሽሮ ከፊቷ በጎኗ ተጋድማለች። ይቺ ድመት ስሟን ያገኘችው ከፀጉሯ ነው፤ ቀለሟ ቁርጥ የሽሮ ዱቄት ነው። አሁን ከአፏ ነጭ አረፋ ይወርዳል። ሆዷ እየተሸበሸበ ደጋግሞ ያስመልሳታል፤ የሚወጣ ነገር ግን የለም። ጠዋት የሳያትን የጫማ ክር እያሳደደች ስትቦርቅ የነበረች ድመት አንገቷን ቀና ማድረግ አቅቷታል።

«ጋሽ ኩማ!» እናቷ ወደ ግቢው ጥግ ዞረች። «ይውጡ እስቲ! የአይጥ መርዝዎ የሠራውን ጉድ ይዩ!»

ጋሽ ኩማ በጥጓ ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ሹፌር ናቸው። ባለፈው ወር አይጥ አስቸግሯቸው መርዝ ሲያስቀምጡ በየበሩ እየዞሩ አስጠንቅቀዋል። ይሄ ጥሩ ነው። ክፋቱ፣ ሽሮ ፀሐይ ላይ ያሰጡት በርበሬ ላይ የተጸዳዳች ቀን «ይቺን ድመት፣ ቆይ ብቻ!» ብለው ሲዝቱም ተከራዩ ሁሉ ሰምቷል።

በነጠላ ጫማ ብቅ አሉ። አረፋውን አዩ፣ የሰዉን ዓይን አዩ።

«እኔ? ድመት ልመርዝ?» አሉ። «መርዙን እኮ አንስቼዋለሁ፣ ሙሉመቤት። ከጣልኩት…» ሲደነግጡ አማርኛው ስለሚጠፋባቸው የቀረውን በሲዳምኛ ጨረሱት። ከዚያ ገቡና በራቸውን ዘጉ።

ሳያት ቀኝ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች። አውራ ጣቷና ጠቋሚ ጣቷ ቢጫ ሆነዋል። ጠዋት በሳሙና ብታሽ ብታሽ አልለቀቀም። ‹ተናገሪ› አለች ለራሷ። ‹አሁኑኑ ተናገሪ።› ምላሷ ግን አልታዘዝ አለ።

ነገሩ የጀመረው ትናንት ነው። ሽሮ ጨርቅ ትጠባለች። ለስላሳ ነገር ካገኘች ዓይኗን ጨፍና፣ ጉሮሮዋ እርርር እያለ፣ በፊት እግሮቿ ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው እየደፈጠጠች ጥብት ነው! እስከ ትናንት የምትጠባው የሳያትን አሮጌ ሹራብ ስለነበር ሁሉም ይስቅባት ነበር። ትናንት ግን የሳያትን ታላቅ እህት የሐዳሳን የኳየር ጋውን አገኘች። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሐዳሳ ብቻዋን ሶሎ የምትዘምርበት ጋውን! እጅጌው በምራቅ ርሶ ክሩ ተመዞ ሲገኝ ሐዳሳ ሰው የሞተባት መሰለች። እናቷም ፈረደች።

«ከእንግዲህ አንዲት ጥፋት ካየሁ፣ ይልማ ወደ ቱላ ይዟት ይሄዳል። አለቀ!»

ይልማ የእናቷ ወንድም ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቱላ ወፍጮ ቤት አለው፤ ወፍጮ ቤቱን የሚጠብቁ ሁለት ጅብ የሚያክሉ ውሾችም አሉት። ሳያት ከዚያ በላይ ማሰብ አልፈለገችም።

መላ ያገኘች የመሰላት ዛሬ ጠዋት ነው። ትንሹ ወንድሟ ፊልሞን ሕፃን ሳለ ጡት አልተውም ብሎ ባስቸገረ ጊዜ እናቷ ከአጥሩ ሥር እሬት ቆርጣ ጡቷን ቀባች። ፊልሞን አንዴ ቀመሰ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ግቢውን በለቅሶ አናወጠ፣ ከዚያ በቃ ተወ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጡት የተወው እንደዚያ ነው። ድመትስ ብትሆን? ሳያት እሬቱን ቆርጣ የሹራቧን እጅጌ ሳትሰስት ለቀለቀችው።

ሽሮም ቀምሳ ራሷን አራገፈችና ሸሸች። «ተሳካ!» ብላ ሳያት ዕቃ ልታጥብ ገባች። ስትመለስ ግን ሽሮ መራራውን እጅጌ አፏ ውስጥ ከታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እየጠባች ነበር።

አሁን እናቷ ካርቶን ይዛ ወደ በረንዳው መጣች። የራሷን ሻርፕ አነጠፈችበት።

«ምን ይገትርሻል? ሳትሞት እናድርሳት እንጂ!» አለች። ድምጿ ተሰብሮ ነበር። ስትቆጣ ሰማይ የምትደፋው እናቷ ለድመቷ አዝናለች። ያ ለሳያት የባሰ ሆነባት።

በባጃጅ ሲሄዱ ሽሮ ሁለቴ ተንፈራገጠች። የእንስሳት ክሊኒክ ሲደርሱ ዶክተር ህሊና፣ ገና ወጣት ናት፣ ድመቷን ጠረጴዛ ላይ አጋድማ ድዷን ገልጣ አየች።

«ምን በላች?»

«የአይጥ መርዝ» አለች እናቷ ፈጥና። «ጎረቤታችን ያስቀመጡት።»

«ስትበላ አይታችኋል?»

«ከዚያ ሌላ ምን ይሆናል ታዲያ?»

ዶክተሯ ወደ መድኃኒት መደርደሪያው ዞረች። «የአይጥ መርዝ ከሆነ የምሰጣት ሌላ ነው። ካልሆነ ደግሞ ሌላ። በግምት መውጋት አልፈልግም፣ ጊዜም የለንም። እርግጠኛ ናችሁ?»

ሳያት ከተናገረች ሽሮ ወደ ቱላ ልትወሰድ ነው። ካልተናገረች ሽሮ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ልትሞት ነው። እጇን ከቀሚሷ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«እሬት ነው» አለች። «እኔ ነኝ። ጨርቅ መጥባት እንድትተው ሹራቤን እሬት ቀባሁት። ጋሽ ኩማ ምንም አላደረጉም።»

እናቷ አፏን በመዳፏ ያዘች። ዶክተሯ ግን ለቁጣ ጊዜ አልነበራትም። የሽሮን አፍና እግሮች ደጋግማ አጠበች፣ ከአንገቷ ኋላ ባለው ልል ቆዳ ሥር ፈሳሽ ሰጠች፣ ማስመለሱን የሚያስቆም መርፌም ወጋቻት። ቆዩ። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ማስመለሱ ቆመና ሽሮ ዓይኗን ገለጠች።

«ጥሩ አደረግሽ የነገርሽኝ» አለች ዶክተሯ እጇን እየታጠበች። «እሬት ለድመት መርዝ ነው። ለመሆኑ ከእናቷ ስትወስጃት ስንት ጊዜዋ ነበር?»

«ዓይኗ ከተገለጠ ብዙም አልቆየም» አለች ሳያት። ሽሮን የሰጠቻት የክፍሏ ልጅ ሙንተሃ ናት። «ትንሽ ትቆይ» ብላት ነበር። ሳያት ናት ሌላ ልጅ እንዳይቀድማት ብላ ችክ ያለችው።

«ገባሽ አይደል? ባለጌ ሆና አይደለም የምትጠባው። ሳትጠግብ ነው ከእናቷ የተለየችው፤ እንቅልፍ ሲመጣባት፣ ሲከፋትም እናቷን ትፈልጋለች። የምታገኘው ግን ጨርቅ ነው። ከጮኽሽባት፣ ከመታሻት፣ መራራ ከቀባሽባት ትደነግጣለች፤ ስትደነግጥ የባሰ ትጠባለች።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ክሩ የማይመዘዝ አንድ ጨርቅ ለሷ ስጫት፤ ክር ከዋጠች አንጀቷን ያንቀዋል። የሰው ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበት። በደንብ አብያት፣ አጫውቻት። የማይሆን ነገር ስትጀምር በቀስታ አንስተሽ በሌላ ነገር አታልያት። ብዙዎቹ ሲያድጉ ይተዉታል። የማይተዉም አሉ፤ ደግሞ ምን ይሁን?»

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ሰፈራቸው መታጠፊያ ላይ እናቷ የባጃጁ ሾፌር እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።

«ሽማግሌውን ሰው ፊት አዋርጄ፣ አሁን ምን ብዬ ነው የማያቸው? ‹የገዛ ልጄ ናት› ልበል? አፈር ልብላ!»

«እማ…»

«ስሚኝ። ሆዷን አሟት ነው እንላለን። ከዚህ የወጣ ነገር እንዳልሰማ። አንቺም ዝም፣ እኔም ዝም። ድመቷም ትቆይልሽ። ቱላ አትሄድም።»

ሳያት ካርቶኑን ጠበቅ አደረገች። «ከተናገርኩስ?»

«ከተናገርሽማ ቃሌ ቃል ነው። ነገ ይልማ ይመጣል።»

ግቢው ውስጥ ፊልሞን ኳስ እየመታ ነበር። ኳሱ ተንከባሎ ጋሽ ኩማ በር ሥር ቆመ። ልጁ ሊያመጣ ሲሮጥ አንዲት ተከራይ ከልብስ ማስጫው ጮኸች። «ፊልሞን! ተመለስ! እዚያ በር አትጠጋ፣ መርዝ አለ!»

ፊልሞን ባለበት ደርቆ ቀረ። የጋሽ ኩማ በር በቀን፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ ዝግ ነው። ከውስጥ ሳል ተሰማ። እያንዳንዷን ቃል ሰምተዋል።

እናቷ ሳያትን አንድ ጊዜ፣ ጠንከር አድርጋ አየቻትና ወደ ቤት ገባች።

ሳያት ካርቶኑ ውስጥ አየች። ሽሮ በሻርፑ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። በሕይወት ናት። እንደ ፈሪ ዝም ብትል ነገም፣ ከነገ ወዲያም እዚሁ ናት። ማንም አያውቅም። እንባዋ መጣ፤ በክንዷ ጠረገችው። ካርቶኑን እንደታቀፈች ግቢውን አቋርጣ በሩን አንኳኳች።

«ማነው?»

«ሳያት ነኝ፣ ጋሽ ኩማ።»

መቀርቀሪያው ተንቀሳቀሰና በሩ ተከፈተ። ዓይናቸው ቀልቷል። ቀድመው ካርቶኑን አዩ።

«ሞተች እንዴ?» አሉ በስጋት።

«አልሞተችም።» ሹክ ብላ ልትነግራቸው ነበር የመጣችው። ግን እናቷ የከሰሰቻቸው በሹክሹክታ አይደለም። ሳያት ወደ ኋላ ሄዳ የግቢው መሃል ቆመች። ልብስ የምታሰጣው ሴትዮ ቀና አለች።

«እሬት ያበላኋት እኔ ነኝ!» አለች ሳያት ጮክ ብላ። «ጋሽ ኩማ መርዝ አልሰጧትም!»

የቤታቸው መስኮት መጋረጃ ሲገለጥ አየች። እናቷ ናት። ሳያት ካርቶኑን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ ሁሉም እንዲሰማ ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግራቸው ጀመር።