ከዜናው ማግስት

ሌንሳ ዋጋሪ እንግሊዝኛ የምታስተምረው በመሬት መንቀጥቀጥ ነበር። ሌላው አስተማሪ በሰዋስው መጽሐፍ ይጀምራል፤ እሷ ግን ለዚያ የሚበቃ ትዕግሥት አልነበራትም። የአደጋ ዜና አጭር ነው፤ የት፣ መቼ፣ ስንት ሰው ብሎ ያበቃል። ዛሬ ያመለጠ ቃል ነገ ከሌላ አገር ዜና ጋር ተመልሶ ይመጣል።

የምታስተምረው ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር በተከራየችው አንድ ክፍል ቤት ነው። አመሻሹ ላይ ተማሪዎቿ ከየሥራቸው ሲሰበሰቡ ስልኳን ከትንሽ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝታ ዜናውን ደጋግማ ታሰማቸዋለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው የዜና አንባቢዋ ድምፅ ከውሃ ሥር የሚመጣ ይመስላል። ያኔ ባሕር አይቶ የማያውቅ አንድ ክፍል ሙሉ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሱናሚ ይጠብቃል።

«ቲቸር፣ ይሄ ማዕበል ከዲዴሳ ሙላት ይበልጣል?» ይላሉ ኦቦ ጆቴ፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር።

«ዲዴሳ ተነሥቶ ነቀምቴ ድረስ ሲወጣ ያስቡት።»

«እኔ እንግዲህ ገበያዬን ጥዬ ነው የምሸሸው» ትላለች ሽንኩርት ነጋዴዋ ብርቄ። «ሽንኩርቱ እንደሆነ መንሳፈፍ ያውቅበታል።»

ሁሉም ሲስቅ ጫንያለው አይስቅም። የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው፤ እንግሊዝኛውን የፈለገው ለሥራ ፈተና ነበር። ከወሎ መጥተው ምሥራቅ ወለጋ፣ ኪራሙ ከሰፈሩ ቤተሰቦች ተወልዶ እዚያው አድጓል። ግጭቱ በተነሣበት በዚያ ክፉ ጊዜ አባቱ ተገድለው፣ ቤታቸው ተቃጥሎ፣ ዘመድ ሁሉ በየመጠለያው ተበትኖ እሱ ነቀምቴ ቀረ። አንድ ምሽት እጁን አነሣ።

«በማግስቱስ?»

«ምን በማግስቱ?»

«የተረፉት ሰዎች። በማግስቱ ጠዋት ምን አደረጉ?»

«ዜናው ላይ የለም።»

«እንግዲያው አላለቀም።»

ሌንሳ ልትቆጣ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጊዜ ይበላል። ዓይኑን ስታየው ግን ፌዝ አልነበረበትም። መልሱን የምሩን ይፈልገው ነበር።

«እሺ፣ አንተ ጨርሰው» አለችው። «በእንግሊዝኛ።»

በተሰባበረ እንግሊዝኛ ቀጠለው። አንዲት ሴት ጭቃ ውስጥ የቤቷን ቁልፍ ታገኛለች፤ በሩ ግን የለም። ሌንሳ ግሱን ማረም ረሳች።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ሲያልቅ ወደ ቤት የሚወስደውን ዳገት አብረው ይወጡ ጀመር። በየምሽቱ ለሴትዮዋ አንድ ቀን ይሰጧታል። አንድ ቀን ከአሸዋው ላይ ጣባ ለቀመች። ሌላ ቀን ጎረቤቷን አገኘች፤ ሁለቱም ምን እንደሚባባሉ ጠፍቷቸው ቆሙ። ጭጋጉ ከባሕር ዛፎቹ መካከል ሲወርድ መንገዱ ራሱ የባሕር ዳርቻ ይመስላል። መጀመሪያ «ዛሬስ ምን አደረገች?» የሚለው እሱ ነበር፤ ኋላ እሷ ትቀድመው ጀመር።

አንድ ምሽት ጫንያለው ስለ ሴትዮዋ ሳያነሣ ከጎኗ ዳገቱን ወጣ።

«ሴትዮዋስ?»

«ፈተናውን አልፌያለሁ። ደምቢ ዶሎ ነው የመደቡኝ። ወሩ ሲያልቅ እሄዳለሁ።»

«እንኳን ደስ አለህ። ሌላስ?»

«ሌላ ምን?»

«ጫንያለው፣ እኔ ዜና አይደለሁም። ግማሹን ነግረኸኝ አትሂድ።»

ቆመ። ለረጅም ጊዜ አያት፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

«ሽማግሌ የምልከው ዘመድ የለኝም» አለ በመጨረሻ። «ቢኖረኝስ አባትሽ ደጅ ምን ብሎ ይቆማል?»

የሚለው ገብቷታል። የአጎቷ ልጅ ኢፋ በዚያው ክፉ ጊዜ ከኪራሙ በሚያስወጣው የጊዳ አያና መንገድ ላይ ተገድሏል፤ ማን እንደገደለው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከዚያ ወዲህ ተወልደው ያደጉበት የዚያ አገር ስም ሲነሣ አባቷ ከክፍሉ ይወጣሉ።

ሌንሳ ግን ማታውን አልቅሳ ጠዋት የምትረሳ ዓይነት አልነበረችም። በማግስቱ ነገሩን ለክፍሉ አፈረጠችው፤ ጫንያለው አንገቱን ደፋ።

«ሽማግሌ አጥቶ?» አሉ ኦቦ ጆቴ። «ይሄ ሽበት ታዲያ የወፍጮ ቤት ዱቄት መሰለው?»

«እኔም እሄዳለሁ» አለች ብርቄ።

«ሴት ሽማግሌ የት አየሽ?»

«እሁድ ያዩኛል።»

እሁድ ሄዱ። የሌንሳ አባት ኦቦ ዋጋሪ ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነበር፤ «አካም ኦልተን»፣ እንዴት ዋላችሁ፣ ብለው ተቀበሏቸው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ ብዙውን ያወራችው ብርቄ ነበረች።

«ልጁ የማን ነው?»

«የኪራሙ ነው» አሉ ኦቦ ጆቴ።

የኦቦ ዋጋሪ ፊት ጠቆረ። «የወንድሜ ልጅ እዚያ አፈር ውስጥ ነው ያለው።»

«የእሱም አባት።»

ሌንሳ ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ትሰማለች።

«ሽማግሌ አልቀበልም» አሉ ኦቦ ዋጋሪ። «ልጁ ራሱ ይምጣ። ብቻውን።»

በሳምንቱ መጣ። ጫማውን ደጅ ላይ አራግፎ ገባ፤ ሌንሳ ጓዳ ገብታ ጆሮዋን ሰጠች። አባቷ በኦሮምኛ ነበር የጠየቁት። እሱም በዚያው አገር ኦሮምኛ መለሰ፤ የሷ ኦሮምኛ ግማሹ አማርኛ ነው፣ የሱ ግን አባቷ በልጅነታቸው የተናገሩት ነበር።

«ገበያው ዳር ያለው የኦዳ ዛፍ አለ?»

«እስክወጣ ድረስ ነበር፣ አባ። አንዱን ቅርንጫፉን መብረቅ ጥሎታል።»

«በየት በኩል?»

«በወንዙ በኩል።»

ቀጥሎ ስለ ምንጩ ጠየቁ፤ ስለ ወፍጮው፤ አንድ የታወቀ ጠማማ ዳገት ላይ ዛሬም በቅሎ ይወድቅ እንደሆነ። ሁለት ሰዎች ሊገቡበት በማይችሉት አገር ውስጥ በቃል ብቻ ቀስ እያሉ ሄዱ። ወንዝ ተሻገሩ፣ ጥላ ሥር ዐረፉ። ሌንሳ ስሟ እስኪነሣ ጠበቀች። አልተነሣም። የመጣው ለእኔ መስሎኝ ነበር ብላ በንዴት ጣቷን ነከሰች።

«ኢፋን ታውቀው ነበር?»

ጫንያለው ቀና ብሎ አያቸው።

«ገበያ ላይ አውቀዋለሁ። ሲስቅ ከማዶ ይሰማ ነበር።»

ኦቦ ዋጋሪ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «አዎ» አሉ። «ከማዶ ይሰማ ነበር።»

ዝናቡ ጠንክሮ መጣ። ጫንያለው ሊሄድ ሲነሣ ኦቦ ዋጋሪ ወደ ጓዳው ዞሩ።

«ሌንሳ! እዚያ መሆንሽን አውቃለሁ። ጃንጥላዬን አምጪለት።»

አመጣችው። ስትሰጠው ጣቶቻቸው ተነካኩ።

«የእኛና የአንተ ቤተ ክርስቲያን ለየቅል ነው፤ እሱን ገና እንነጋገራለን» አሉት አባቷ። «ይህን ጃንጥላ ስትመልስ ግን ብቻህን አትምጣ። እነዚያን ሰዎችህን ይዘህ ና። ያቺን አፈኛ ሴትዮም ጭምር።»

«ነገ ይመልሳል» አለች ሌንሳ።