የደብሪቱ መክተፊያ

መክተፊያው የለም።

ሳጅን ሩፋይዳ ስትደርስ ቡታጅራ ያለው የደብሪቱ ክትፎ ቤት እንደ ሰርግ ቤት ይተራመሳል። ለረጅም ዘመን ለሠሩ ምግብ ቤቶች የግብር ቅናሽ የሚወስነው ኮሚቴ ዛሬ ረፋዱ ላይ ይመጣል። ደብሪቱ የቤቷን ዕድሜ የምታሳይበት አንድ ምስክር ብቻ ነበራት፤ ሟች ባሏ ቤቱ የተከፈተበትን ዓመት በጋለ ብረት የጻፈበት፣ ከቢላ ብዛት መሃሉ የጎደጎደ የዋንዛ ግንድ። ቅናሹ ካልተገኘ ቤቱ መዘጋቱ ነው።

"ዑመይር ነዋ" አለች ደብሪቱ ወደ ማዶ እየጠቆመች።

አምና ክትፎ ቤት የከፈተው ዑመይር ቅናሹ አይደርሰውም። ትናንት ደግሞ ሰው ፊት፣ ያንን ጉማጅሽን ሙዚየም አስገቢው ብሎ ተሳልቆባታል።

ሩፋይዳ ተሻገረች። ዑመይር ጓዳውን ራሱ ወለል አድርጎ ከፈተላት። ምንም የለም።

"እኔ ብሰርቀው እኮ ሳጅን፣ ይሄኔ ማገዶ ሆኗል" አለ እየሳቀ።

ማገዶ። ሩፋይዳ ቅድም ስትገባ ንቃው ያለፈችው ነገር ትዝ አላት፤ ከደብሪቱ ጓዳ እስከ ጓሮ በር የተንጠባጠበ ቅቤ። እየሮጠች ተመለሰች።

"እትዬ ደብሪቱ፣ መክተፊያ ሥራ ሲፈታ ምን ይደረግለታል?"

"ቅቤ ይቀባላ። አለዚያ ይሰነጠቃል።"

"ባዕድ ሌባ ይሄን ያህል ይሳሳለታል?"

የደብሪቱ ዓይን ወደ ልጇ ሄደ። ጠዋት ሙሉ ዑመይር ካልታሰረ ሲል የነበረው ሚኪያስ አሁን አንገቱን ደፍቷል።

"የት ነው ሚኪ?" አለች ሩፋይዳ።

"ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር።"

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈው። ቅናሹን ያገኘ ቤት ለዓመታት እንዳይፈርስ ይከለከላል። እሱ ደግሞ በቦታው ላይ ፎቅ ለማቆም ከአንድ ሰው ጋር ተስማምቷል።

"ትከሻሽ እንቅልፍ ሲነሳሽ እየሰማሁ እማዬ… እንድታርፊ ብዬ ነው።"

"ልረፍ አልኩህ? ጠየቅኸኝ?"

ደጅ ላይ መኪና ቆመ። ሩፋይዳ ካቴናዋን እየነካካች ደብሪቱን አየቻት።

"ቆዪ ልጄ፣ የዚህን ፍርድ ለእኔ ተዪልኝ።"

ሚኪያስ በኮባ የተጠቀለለውን ግንድ ተሸክሞ ገባ። እናቱ ሽርጧን ፈታ ወገቡ ላይ አሰረችለት። ቢላውን አስጨበጠችው።

"ትከሻዬ ይረፍ ካልክ ክተፍ። የመጀመሪያውን ለዑመይር ትወስዳለህ፤ ይቅርታ ብለህ፣ በእኔም በራስህም ስም።"

ኮሚቴው በሩን ሳያልፍ የቢላው ድምፅ ተቀበለው።